ሰንደቁ ላይ ማን ሣለበት?

ካይሮ ሙዚየም ውስጥ የናርመር ሰሌዳ የሚባል ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። የተቀረጸው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3100 ገደማ ነው። በአንዱ ገጹ የግብፅ ንጉሥ ድል አድርጎ ሲራመድ ይታያል፤ ከፊቱ አራት ሰዎች ረጃጅም ዘንግ ተሸክመው ይሄዳሉ። በዘንጎቹ ጫፍ ላይ ጭልፊት አለ፣ ቀበሮ አለ። እስራኤል የሚባል ሕዝብ ስሙ ከመሰማቱ ከ1,800 ዓመት በላይ ቀድሞ በዓባይ ሸለቆ በእንስሳ ምልክት መሰለፍ የታወቀ ነበር።

ከልደት በፊት በ1274 ዳግማዊ ራምሴስ ከኬጢያውያን ጋር በቃዴስ ሲዋጋ ሠራዊቱን በአራት ከፈለ፤ እያንዳንዱንም ክፍል በአንድ አምላክ ስም ጠራው፦ አሞን፣ ራ፣ ፕታህ፣ ሴት። የሰፈሩ ሥዕል በአቡ ሲምበል ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ዛሬም አለ። ሰፈሩ አራት ማዕዘን ነው። ዙሪያውን ጋሻ ከጋሻ ተገጥግጦ አጥር ሆኗል፣ መካከሉ ላይ የንጉሡ ድንኳን ተተክሏል። ኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ ሁለትን ያነበበ ሰው ይህን ሥዕል ሲያይ እንግዳ አይሆንበትም።

በዘኁልቁ እንደተጻፈው፣ እስራኤላውያን ከግብፅ በወጡ በሁለተኛው ዓመት ሙሴ በሲና ምድረ በዳ ለጦር የሚወጡትን ወንዶች ቆጠረ፤ 603,550 ሆኑ። እነሱንም በአራት ሰፈር መደባቸው። በምሥራቅ ይሁዳ ከይሳኮርና ከዛብሎን ጋር፣ በደቡብ ሮቤል ከስምዖንና ከጋድ ጋር፣ በምዕራብ ኤፍሬም ከምናሴና ከብንያም ጋር፣ በሰሜን ዳን ከአሴርና ከንፍታሌም ጋር። ሌዋውያን አልተቆጠሩም፤ እነሱ በመካከል የመገናኛውን ድንኳን ከበው ሰፈሩ። የዮሴፍ ቤት ለሁለት ልጆቹ ስለተከፈለ ቁጥሩ አሥራ ሁለት እንደሆነ ቀረ። በንጉሡ ድንኳን ቦታ የገባው የእግዚአብሔር ድንኳን ነው። ሰፈሩ ሲነሣ የሚቀድመው በኩሩ ሮቤል አልነበረም፤ አራተኛው ልጅ ይሁዳ 186,400 ሰው ይዞ ይመራል። ዳን ደግሞ መጨረሻ ላይ ሆኖ የሁሉም ደጀን ይሆናል፤ የቀረውን ሰብስቦ የሚያመጣው እሱ ነው።

እያንዳንዱ ሰው በየዓላማው ሥር፣ በየአባቱ ቤት ምልክት አጠገብ እንዲሰፍር ታዘዘ። ምልክቱ ምን ነበር? መጽሐፉ አይናገርም። ጨርቅ ይሁን ዘንግ፣ ቀይ ይሁን ሰማያዊ፣ አንበሳ ይሁን ዛፍ፣ አንድም ቃል የለም። የድንኳኑን መጋረጃ በክንድ የለካ፣ የቀለበቶቹን ብዛት እንኳ ሳይቀር ያስመዘገበ ኦሪት፣ ስለ አሥራ ሁለቱ ሰንደቆች ሲደርስ ዝም ይላል። እኔ እንደማየው ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ሁሉ ከዚህ ዝምታ የተወለደ ነው።

ለዝምታው ምክንያት መገመት አይከብድም፤ የተቀረጸ ምስል በአሥርቱ ትእዛዛት ተከልክሏል። የነገዶቹን መለያ በተመለከተ በግልጽ የተገለጸው አንድ ነገር የአሮን የደረት ኪስ ነው። በአራት ረድፍ አሥራ ሁለት ዕንቁዎች ተደርድረውበታል፣ ሰርድዮን፣ ሰንፔር፣ ኢያስጲድ እያለ ይቀጥላል፤ በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ነገድ ስም እንደ ማኅተም ተቀርጾበታል። ሥዕል ግን የለበትም። ሥዕሎቹ ያሉት ሌላ ቦታ፣ በሽማግሌ አንደበት ውስጥ ነው። ያዕቆብ ሊሞት ሲል ልጆቹን ሰብስቦ ይሁዳን የአንበሳ ደቦል፣ ይሳኮርን ሸክም የለመደ አህያ፣ ዳንን በመንገድ ዳር የሚያደባ እባብ፣ ንፍታሌምን የተፈታች ሚዳቋ፣ ብንያምን ነጣቂ ተኩላ አላቸው፤ ዛብሎንን ከመርከብ ወደብ ጋር አገናኘው። ሮቤል እንስሳ አላገኘም፤ እንደ ውኃ ዋለለ ተብሎ ተወቀሰ። ስምዖንና ሌዊ ከምርቃት ይልቅ እርግማን ደረሳቸው። ብዙዎች የነገዶቹ ዓርማ ዝርዝር ይህ ነው ይላሉ። ችግሩ በኦሪት ዘዳግም መጨረሻ ሙሴ በተራው ሲመርቅ ይመጣል፦ እዚያ የአንበሳ ደቦል የተባለው ዳን ነው፤ ጋድም በአንበሳ ተመስሏል፤ ዮሴፍ በሬ ሆኗል፤ ይሁዳ ግን ምንም እንስሳ የለውም።

ከነዓን ከገቡ በኋላ ነገዶቹ በሰንደቅ ሥር ሲሰለፉ የሚያሳይ ትረካ አናገኝም። ዳን የተሰጠውን ርስት መያዝ አቅቶት ወደ ሰሜን ተሰደደ፤ ሌሳ የምትባለውን ከተማ አቃጥሎ በራሱ ስም ጠራት። ስምዖን በይሁዳ ውስጥ ሟሟ። ጦርነት ሲከፋባቸው የያዙት ታቦቱን ነበር፤ በአቤንኤዘር ፍልስጥኤማውያን ማረኩባቸው። በዘንግ ላይ የተሰቀለ ምስል ከተባለ ደግሞ ሙሴ በምድረ በዳ ያቆመው የናስ እባብ አለ። እሱም ኢየሩሳሌም ገብቶ ሕዝቡ ዕጣን እያጠኑለት ቆየ፤ ከልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባበረው።

ሕዝቅያስ ራሱ ታዲያ ምን ምልክት ነበረው? የአንበሳው ነገድ ንጉሥ ነውና ሁሉም የሚጠብቀው አንበሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አርኪኦሎጂስቷ ኢላት ማዛር ከቤተ መቅደሱ ተራራ በስተ ደቡብ ከቆፈሩት አፈር የተገኘ አንድ የጭቃ ማኅተም ይፋ አደረጉ። ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ነው። የአካዝ ልጅ የይሁዳ ንጉሥ የሕዝቅያስ ይላል። መካከሉ ላይ ክንፎቿን ወደ ታች የዘረጋች ፀሐይ አለች፤ በግራና በቀኝዋ የግብፃውያን የሕይወት ምልክት ተቀምጧል። በዚያው ዘመን የንጉሡን ዘይትና ወይን የያዙ ማሰሮዎች እጀታ ላይ የታተመውም ክንፋም ፀሐይ ወይም አራት ክንፍ ያለው ጢንዚዛ ነው፤ እንዲህ ያሉ እጀታዎች ከ1,000 በላይ ተገኝተዋል። የይሁዳ ቤተ መንግሥት ዓርማውን ከግብፅ ነበር የተዋሰው።

አንበሳው የተገኘው በጠላት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 በመጊዶ ቁፋሮ ከኢያስጲድ ድንጋይ የተሠራ ማኅተም ወጣ፤ አፉን ከፍቶ የሚያገሳ ግርማ ያለው አንበሳ ተቀርጾበታል። ጽሑፉ የኢዮርብዓም አገልጋይ የሸማዕ ይላል፤ ኢዮርብዓም የሰሜኑ መንግሥት ንጉሥ ነው፣ የይሁዳ ተቀናቃኝ። ማኅተሙ ወደ ኢስታንቡል ተልኮ ጠፋ፤ ዛሬ የምናውቀው በተቀዳለት ቅጂ ነው። አንበሳ በዚያ ዘመን የማንም ኃያል ምልክት እንጂ የአንድ ነገድ ንብረት እንዳልነበረ ይህ ትንሽ ድንጋይ ከብዙ መጻሕፍት በተሻለ ይመሰክራል።

በ722 ዓክልበ. ሰማርያ በአሦር እጅ ወደቀች፤ የሰሜኑ ነገዶች ተማርከው ተበተኑ። ነገድ የሚባለው ነገር በመሬት ላይ እየጠፋ በመጽሐፍ ላይ ብቻ መኖር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ይሁዳም ተማረከ። በባቢሎን ምድር በኮቦር ወንዝ ዳር ነቢዩ ሕዝቅኤል ራእይ አየ፦ አራት ፊት ያላቸው እንስሶች፣ የሰው፣ የአንበሳ፣ የበሬ፣ የንስር። ሕዝቅኤል ስለ ሰንደቅ አላወራም። አራቱ ፊቶች ግን ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ለአራቱ ሰፈሮች ይታደላሉ።

የሮም ዘመን ሲመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1947 ከተገኙት ጥቅሎች አንዱ በብርሃን ልጆችና በጨለማ ልጆች መካከል ስለሚደረገው የመጨረሻ ጦርነት የሚተርክ ነው። ጸሐፊው ስለ ሰንደቆች ዓምድ ሙሉ ጽፏል፤ ግን ምንም እንስሳ የለም። በሰንደቆቹ ላይ ጽሑፍ ነው ያለው፦ የእግዚአብሔር ሕዝብ የሚል፣ የእስራኤልና የአሮን ስም፣ የአሥራ ሁለቱ ነገዶች ስም በልደታቸው ቅደም ተከተል። ከዋና ዋና ክፍሎች እስከ ታናናሽ ጭፍሮች ድረስ ሁሉም የራሳቸው መፈክር አላቸው።

ይህ የመጽሐፍ ሰዎች ምኞት ብቻ አልነበረም። ጲላጦስ እ.ኤ.አ. በ26 ይሁዳን ሊገዛ እንደመጣ ወታደሮቹ የቄሣር ምስል ያለባቸውን ዓላማዎች ሸፍነው በሌሊት ኢየሩሳሌም አስገቡ። ሲነጋ ከተማው ታመሰ። ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን እያልን ከምንጠራው መጽሐፍ ጋር ስሙ የተያያዘው ታሪክ ጸሐፊ፣ ፍላቪየስ ዮሴፍ፣ ሕዝቡ ቂሣርያ ድረስ ወርዶ በጲላጦስ ቤት ዙሪያ አምስት ቀንና አምስት ሌሊት በምድር ላይ ተደፍቶ እንደለመነ ይተርካል። በስድስተኛው ቀን ጲላጦስ በወታደር አስከበባቸውና ሰይፍ እንዲመዘዝ ምልክት ሰጠ። እነሱ መሬት ላይ ወድቀው አንገታቸውን ገለጡ፤ ሕጋችን ከሚፈርስ እንሙት አሉ። ጲላጦስ ተደነቀ፤ ዓላማዎቹንም አስወጣ። የእነዚህ ሰዎች ልጆች በኋላ በአባቶቻቸው ሰንደቅ ላይ ተኩላና እባብ ይሥላሉ ብሎ ያን ቀን የሚናገር ቢኖር በድንጋይ የሚወገር ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ70 ቤተ መቅደሱ ተቃጠለ። በፍርስራሹ ላይ የሰፈረው አሥረኛው የሮም ሌጌዎን ዓርማው የዱር አሳማ ነበር፤ አሳማው የታተመባቸው የጣሪያ ሸክላዎች ኢየሩሳሌም ውስጥ ሲቆፈር እስከ ዛሬ ይወጣሉ። ከ132 እስከ 135 የተነሣው ባር ኮክባ የራሱን ገንዘብ ሲያትም የቤተ መቅደስ ደጅ፣ የዘንባባ ዛፍ፣ የወይን ዘለላ አተመ። ነጻነት ፈላጊው ሰው ከአሥራ ሁለቱ ነገድ ለአንዳቸውም እንስሳ ቦታ አልሰጠም።

ታዲያ ሥዕሉ መቼ ገባ? ቀስ ብሎ፣ ሰንደቅ የሚሸከም ሠራዊት ከጠፋ በኋላ። እ.ኤ.አ. በ1928 መጨረሻ በኢይዝራኤል ሸለቆ የሄፍጺባ ኪቡትዝ ሰዎች የመስኖ ቦይ ሲቆፍሩ ቤት አልፋ በሚባል ቦታ ባለ ቀለም የጠጠር ወለል አገኙ። የስድስተኛው መቶ ዓመት ምኵራብ ወለል ነበር። መካከሉ ላይ አሥራ ሁለቱ የከዋክብት ምልክቶች በክብ ተሥለዋል፣ የታቦቱን ቅርጽ ሁለት አንበሶች ይጠብቁታል፣ ሠሪዎቹ ማርያኖስና ልጁ ሐኒና ስማቸውን ጽፈውበታል። ቦታውን በ1929 የቆፈረው ኤልዓዛር ሱኬኒክ ነው፤ ሰንደቁን በጽሑፍ ብቻ የሞላውን የኩምራን ጥቅል በ1947 የገዛውም እሱ። አንድ ሰው የነገሩን ሁለት ጫፎች በሕይወቱ ያየ፣ ከሁለቱም ላይ አፈሩን ያራገፈ መሆኑ ያስገርመኛል።

ከዚያ ወዲያ ሊቃውንቱ ዝምታውን መሙላት ጀመሩ። በዮናታን ስም የሚጠራው የአራማይክ ትርጉም ለይሁዳ ባለ ሦስት ቀለም የሐር ሰንደቅና የአንበሳ ምስል ሰጠው። ለሮቤል ዋላ ሰጠው፤ ምክንያቱንም ጨመረበት፦ ይገባው የነበረው ወይፈን ነው፣ ሙሴ ግን የወርቁ ጥጃ ኃጢአት እንዳይታወስ ቀየረው። መቼም ይህን ያለ ሰው ቀልድ የሚያውቅ መሆን አለበት።

ሙሉውን ዝርዝር የሚሰጠው በመካከለኛው ዘመን አሁን ያለውን ቅርጽ የያዘው የዘኁልቁ ሚድራሽ ነው። ቀለሙን ከአሮን ዕንቁዎች ወሰደ። ሮቤል ቀይ፣ በላዩም እንኮይ፤ በስንዴ መከር ወራት ለእናቱ ያመጣላት። ስምዖን አረንጓዴ፣ በላዩም የሴኬም ከተማ፣ ከሌዊ ጋር በሰይፍ የፈጃት። ሌዊ አንድ ሦስተኛው ነጭ፣ አንድ ሦስተኛው ጥቁር፣ አንድ ሦስተኛው ቀይ ሆኖ ኡሪምና ቱሚም። ይሁዳ የሰማይ ቀለምና አንበሳ። ዛብሎን ነጭ ላይ መርከብ። ዳን እባብ፣ ንፍታሌም ሚዳቋ፣ ጋድ የጦር ሰፈር፣ አሴር እግሩን በዘይት የሚነክር ተብሎ ስለተመረቀ የወይራ ዛፍ። የዮሴፍ ልጆች መደቡ ጥቁር የሆነ ሰንደቅ አላቸው፤ የተሣለበት ግብፅ ነው፣ ተወልደው ያደጉባት አገር። ለኤፍሬም በሬ፣ ለምናሴ የዱር በሬ ተጨመረ። ብንያም አሥራ ሁለቱንም ቀለሞች ቀላቅሎ ተኩላውን አኖረበት። ቁጥሩ እዚህ ላይ ዞሮ ዞሮ ሌዊንም ዮሴፍንም ያዘ፤ የሚድራሹ ሰዎች ሒሳብ አላስጨነቃቸውም።

ከሁሉም የሚገርመው ይሳኮር ነው። ያዕቆብ አህያ ያለውን ነገድ ሚድራሹ ጥቁር ሰማያዊ ሰንደቅ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ሰጠው፤ የይሳኮር ልጆች ዘመንን የሚያውቁ ጥበበኞች እንደነበሩ በዜና መዋዕል ተጽፏልና። ቀን መቁጠር የሚያውቅ፣ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው በአህያ መመሰሉን አልወደደም። ሥዕሉን የሣሉት ዘማቾች ቢሆኑ ኖሮ አህያው ባልተለወጠ፤ የሣሉት መምህራን ነበሩ። ያው ሚድራሽ ነገሥታት ሁሉ ባለ ቀለም ሰንደቅ መሥራትን የተማሩት ከእነዚህ ነገዶች ነው ይላል። ናርመርን አላየውም።

ስፔን የተወለደው አብርሃም ኢብን ዕዝራ በ12ኛው መቶ ዓመት የቀደሙ ሰዎች ቃል ነው ብሎ ሌላ ሥርዓት አቆየ፦ ሮቤል ሰው፣ ይሁዳ አንበሳ፣ ኤፍሬም በሬ፣ ዳን ንስር። ይህ ሕዝቅኤል በኮቦር ዳር ያየው ራእይ ነው፤ ሰፈሩ የእግዚአብሔር ዙፋን አምሳል እንዲሆን የዳን እባብ ንስር ሆኖ መነሣት ነበረበት። ይኸው አራት ፊት በ1764 ለንደን ውስጥ ሎረንስ ደርሞት ያሳተመው የፍሪሜሶኖች መጽሐፍ ላይ ዓርማ ሆኖ ወጣ። የእንግሊዝ ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ሻማ አብርተው የሚሰበሰቡ ነጋዴዎች የእስራኤልን አራት ሰፈር ወረሱ።

አገራችን በዚህ መካከል የራሷን መንገድ ሄዳለች። በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተጻፈው ክብረ ነገሥት የሰሎሞንን ዘር ወደ አክሱም አመጣ፤ ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ የሚለው ቃልም በነገሥታቱ ማኅተም ላይ ሰፈረ። የታሪክ ተመራማሪው ስቬን ሩቤንሰን ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማኅተሞቹንና ደብዳቤዎቹን አገላብጠው ሲመረምሩ፣ ቃሉ መጀመሪያ የንጉሡ ማዕረግ ሳይሆን ከዮሐንስ ራእይ የተወሰደ፣ ክርስቶስን የሚያመለክት የክርስቲያን መፈክር እንደነበረ አስረዱ፤ የንጉሡ መጠሪያ የሆነው በኋላ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አንበሳውን በገንዘባቸው ላይ አተሙት፣ በ1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓል ለገሃር ፊት ሐውልት ቆመለት፣ ጣልያኖች ወደ ሮም ጫኑት፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመለሰ። ደርግ ሲመጣ ከሰንደቅ ዓላማው አንበሳ መጀመሪያ ዘውዱ ወለቀ፣ ብዙም ሳይቆይ አንበሳው ራሱ ወረደ። እንግዲህ ያ ምልክት ከየትኛውም የይሁዳ ንጉሥ ይልቅ በኢትዮጵያ ነገሥታት እጅ ረጅም ዕድሜ ኖሯል።

እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1949 ዓርማዋን ስትመርጥ የማንንም ነገድ እንስሳ አልወሰደችም፤ ሮም ውስጥ በቲቶ ቅስት ላይ የተቀረጸውን መቅረዝ በወይራ ቅርንጫፍ አጅባ አነሣች። አንበሳው የኢየሩሳሌም ከተማ ዓርማ ሆነ። አሥራ ሁለቱ ነገዶች በ1955 እና በ1956 በፖስታ ቴምብር ወጡ፤ በ1962 ደግሞ ማርክ ሻጋል በዓይን ከረም ለሚገኘው የሐዳሳ ሆስፒታል ምኵራብ አሥራ ሁለት የመስታወት መስኮቶች ሠራላቸው። በመስኮቶቹ ላይ ዓሣ፣ ወፍ፣ አንበሳ፣ አበባ ይርመሰመሳል፤ የሰው ፊት ግን የለም። የጥንቱን ክልከላ ያከበረው በዚህ ነው። በ1967ቱ ጦርነት አንዳንዶቹ ተጎድተው ሠዓሊው አደሳቸው።

የዳን ነገር ግን በመስታወት አላበቃም። በዘጠነኛው መቶ ዓመት ኤልዳድ የዳን ሰው ነኝ ብሎ ቃይሩዋን የደረሰ መንገደኛ፣ ዳንና ሦስት ወንድም ነገዶች ከኩሽ ወንዞች ማዶ አሉ ብሎ ተናግሮ ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት ካይሮ የነበሩት ራቢ ዳዊት ቤን ዚምራ ከሐበሻ ምድር ተማርካ የመጣች ሴትን ጉዳይ ሲዳኙ፣ የዚያ አገር አይሁድ ከዳን ነገድ ናቸው ብለው ፈረዱ። ቤተ እስራኤል ራሳቸው ስለ አመጣጣቸው የሚተርኩት ከአንድ በላይ ነው፤ የሰሎሞንን ልጅ የቀዳማዊ ምኒልክን ተከታዮች የሚጠቅሱም ብዙ ናቸው። ቢሆንም በ1973 ራቢ ዖባድያ ዮሴፍ ያን የካይሮ ፍርድ መሠረት አድርገው የዳን ልጆች ናቸው አሉ፤ በ1975 መንግሥት በመመለሻ ሕግ ተቀበላቸው። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ ብዙ ሺህ ሰው በሱዳን በኩል ተጓጓዘ። መንገድ ላይና በመጠለያ የሞተው ብዙ ነው።

ከደረሱ በኋላ ዋናው የራቢዎች ጽሕፈት ቤት ለጋብቻ የሚመዘገቡት በውኃ እንዲነከሩ ጠየቀ፤ የነገዱ ስም ጥርጣሬውን አላጠበላቸውም። በ1985 መጸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ሰፍረው ተቃወሙ።